ለዋልያ የወጣ ገንዘብ ለጀሪካን ምን ይፈይዳል? ከጎንደር አንድ ረጅም ክር

ክሩን፣ ማለትም በኢንተርኔት መድረካችን ላይ ጥያቄና መልሱ የተከታተለበትን ገጽ፣ የከፈተው የአዘዞ ልጅ ነው። ዓለም ተሰብስቦ ለተፈጥሮ ጥበቃ በዓመት 200 ቢሊዮን ዶላር እንዲገኝ መስማማቱን የሆነ ቦታ አንብቧል። እሱ ደግሞ ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ሌሊቱን ቧንቧ ሲያዳምጥ ያነጋል። ለዋልያና ለጭላዳ የሚወጣው ይህ ሁሉ ገንዘብ ለእሱ ጀሪካን ምን እንደሚፈይድ የሚነግረው ሰው ፈለገ።

ጥያቄው ላይ ቢያቆም ጥሩ ነበር። አላቆመም። ተፈጥሮ ጥበቃ የሚባለው ነገር ፈረንጅ ፎቶ እንዲያነሳ ሲባል ገበሬ ከቀየው የሚነሳበት ሥራ ነው ብሎ ደመደመ። ክሩ የተቀጣጠለው እዚህ ላይ ነው። አሁን 50 መልስ አልፏል። ሁሉንም ለማንበብ ትዕግሥት ለሌላችሁ እኔ ላውጋችሁ። የማይረባውን እዘላለሁ፤ የሚያስቀውን ግን አልዘልም። ዓ.ም. ካላልኩ በቀር ዓመቱ እ.ኤ.አ. ነው።

መልስ ቁጥር 1ን የጻፉት በዕድሜ ጠና ያሉ ሰው ናቸው፤ ክሩ ላይ ሁሉም ጋሼ ይላቸዋል። ልጁን ሳይቆጡ አንድ ነገር አስታወሱት። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1978 የዓለም ቅርስ ብሎ መጀመሪያ ከመዘገባቸው 12 ቦታዎች ሁለቱ የኛው ናቸው፤ ላሊበላና የስሜን ተራሮች። ቁጥር 2 ደስ ብሎት የፋሲል ግቢም በዓመቱ፣ በ1979 መከተሉን ጨመረ። ቁጥር 3 የመጣችው በአንድ መስመር ነው። ኩራት ጀሪካን እንደማይሞላ ተናግራ ሄደች። ሃያ ሰው ወደደላት።

ቁጥር 4 ኢኮኖሚክስ አስተምራለሁ ይላል። የዓለም ኢኮኖሚ ፎረም በ2020 ያወጣውን ሒሳብ አመጣ፦ ከዓለም ዓመታዊ ምርት ከግማሽ በላዩ፣ 44 ትሪሊዮን ዶላር ያህሉ፣ በመጠኑም ሆነ በጣም በተፈጥሮ ላይ የተመሠረተ ነው። ቀጥሎም ዓለም ከሚያመርታቸው የምግብ ሰብል ዓይነቶች ሦስት አራተኛው ቢያንስ በከፊል ንብና መሰል ነፍሳት እንደሚያስፈልጉት ጻፈ። እውነቱን ለመናገር ትሪሊዮን የሚባል ቁጥር ሲመጣ እኔ ዓይኔን ከድኜ ነው የማልፈው። ደግነቱ ቁጥር 5 ነገሩን ወደ ማሳ አወረደው።

ቁጥር 5 የደንቢያ ንብ አርቢ ነው። ስለ ኑግ ጻፈ። የኑግ አበባ በራሱ ብናኝ ፍሬ አይቋጥርም። ከሌላ እግር ኑግ ብናኝ ተሸክሞ የሚመጣለት ነፍሳት ይፈልጋል፤ ያንን የሚሠራለት በአብዛኛው ንብ ነው። ማሳው ቢጫ ለብሶ እንዲያምር ንብ አያስፈልግም፤ ዘይት እንዲወጣው ግን ያስፈልጋል። ገደሉ ላይ ያለው ቁጥቋጦ ሲመነጠር ንቡ በበጋ የሚቀስመው ያጣና ቀፎውን ጥሎ ይሄዳል። በጥቅምት ኑጉ ሲያብብ ንቡ የለም። ገበሬው ዘሩን ይወቅሳል፣ ዝናቡን ይወቅሳል። ቁጥቋጦውን የሚያስታውስ የለም። ይህን ሁሉ አሳምሮ ከጻፈ በኋላ ግን ሰውየው ስልኬ ላይ ደውሉ፣ ንጹህ ማር አለኝ ብሎ ጨረሰው። ከ6 እስከ 8 ያሉት መልሶች የማር ዋጋ ክርክር ናቸው። አንዷ ከዚህ በፊት የገዛችው ማር ስኳር እንደነበረ ምላለች። እሱን እንዝለለው።

ቁጥር 9 ተቆጥቶ ነው የገባው። ሰማዩን በጭስ የሞሉት ባለ ፋብሪካዎቹ አገሮች ሆነው ሳለ ቅጠል አትንካ የሚባለው የደባርቅ ገበሬ መሆኑ ፍርደ ገምድልነት ነው አለ። ሐቁን ነው። ቁጥር 10 አልካደውም፤ ግን ሌላውን ጎን አሳየው። የሰው ልጅ በየዓመቱ ከሚለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ 30 በመቶ የሚጠጋውን ደንና አፈር መልሰው ይውጡታል። ደኑ ሲቃጠልና አፈሩ ሲታረስ የዋጡትን ይተፉታል። ያን ጊዜ ቀድሞ የሚጎዳው ደግሞ ፋብሪካ ያለው ሳይሆን ክረምት የሚጠብቀው ነው። ስለዚህ ደኑን የሚጠብቅ ሰው ክፍያ መጠየቅ ይገባዋል እንጂ ደኑን በንዴት መቁረጥ አይጠቅመውም። ቁጥር 9 ክፍያ የሚለውን ቃል ሲያይ ትንሽ በረደ።

ቁጥር 11 የ2011 ዓ.ም. የስሜን እሳት ጊዜ እዚያው ነበርኩ ይላል። አስታ የሚባለው የደጋ ዛፍ ከነሥሩ ይነድዳል፣ ጓሳ ሣሩ ከላይ ጠፍቶ ከሥር ይጨሳል። ሰው እርጥብ ቅርንጫፍ ቆርጦ ይመታዋል፤ አጠፋሁት ብሎ ዞር ሲል ከኋላው ይነሳል። ገደሉ ላይ ሲደርስ ደግሞ ሰው መድረሻ የለውም። በመጨረሻ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል የእሳት ባለሙያዎች መጡ። የሰውየው ትዝብት ይሄ ነው፦ እሳቱን ቀድሞ ያየውና ቀድሞ የሮጠው የአካባቢው ገበሬ ነው፤ በዜና የተመሰገነው ግን ሄሊኮፕተሩ። ይህን መልስ ልብ በሉት፣ በኋላ ይጠቅማል።

ቁጥር 12 ከዓለም መሬትና ባሕር 30 በመቶው እስከ 2030 እንዲጠበቅ የተወሰነው ፓሪስ ላይ ነው አለ። ቁጥር 13 አረመው። ፓሪስ በ2015 የአየር ንብረት ስምምነት የጸደቀበት ነው። 30 በመቶውም፣ የአዘዞው ልጅ ያነበበው 200 ቢሊዮንም የመጡት በታኅሣሥ 2022 ሞንትሪያል ላይ በጸደቀው የብዝኃ ሕይወት ስምምነት ነው። ከዚያ ውስጥ ከሀብታም አገሮች ወደ ታዳጊ አገሮች በዓመት 30 ቢሊዮን ዶላር እስከ 2030 እንዲደርስ ይላል። ቁጥር 13 እዚህ ላይ ትንሽ አሾፈ፤ ይላል እና ይሰጣል አንድ እንዳልሆኑ ጎንደሬ ሁሉ ያውቃል ብሎ።

ከዚያ ቁጥር 14 መጣና የክሩ ድምፅ ተለወጠ።

የግጭ ልጅ ነው። ግጭ የስሜን ተራሮች ፓርክ ውስጥ የነበረች መንደር ናት። እ.ኤ.አ. በ2016 ከ400 በላይ አባወራ ከዚያ ተነስቶ ወደ ደባርቅ ወረደ። በዓመቱ፣ በ2017 ስሜን ከ1996 ጀምሮ ከነበረበት፣ አደጋ ላይ ያሉ የዓለም ቅርሶች ከሚጻፉበት የዩኔስኮ መዝገብ ወጣ። ልጁ ስለ ዩኔስኮ ክፉ አልተናገረም። ስለ አባቱ ነው የጻፈው። አባቱ ገብስና በግ ነው የሚያውቁት። የካሳው ገንዘብ ቤት ሆነ፣ ቀለብ ሆነ፣ አለቀ። አሁን ጠዋት ጋቢያቸውን አጣፍተው አስፋልት ዳር ይቆማሉ፤ የሚያግዱት የለም፤ ግን እንደ ልማድ በትራቸውን ይዘው ነው የሚወጡት።

ቁጥር 15 ይህን አንብቦ የጻፈውን እኔ አልወደድኩለትም። ግጭ ላይ ሣሩ ተግጦ መሬቱ ራቁቱን ቀርቶ እንደነበር፣ ገብስ ቀጥ ባለ ቁልቁለት ላይ ይታረስ እንደነበር ዘረዘረ። የተናገረው ውሸት አይደለም። የለቅሶ ቤት ገብቶ ሒሳብ እንደማወራረድ ግን ሆነበት። ቁጥር 16 ልክ ልኩን ነገረው፣ ስድብም አልቀረለት። ቁጥር 17 የመድረኩ ኃላፊ ነው፤ አፋችሁን ጠብቁ ብሎ አስጠነቀቀ።

ቁጥር 18 ደባርቅ በቅሎ ያከራያል። እንግዳ በነበረ ጊዜ ሥራው በተራ ነበር፤ አስጎብኚውም፣ ስካውት የሚባለው የፓርክ ዘብም፣ ምግብ አብሳዩም፣ ባለ በቅሎውም። ጦርነቱ በ2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ በቅሎው ቆሞ ይበላል። ቱሪዝም ላይ ብቻ የቆመ ጥበቃ እንግዳው የቀረ ቀን እንደሚወድቅ ከእሱ በላይ የሚመሰክር የለም። ደግሞም ሳይደብቅ ተናገረ፦ በደጉ ጊዜም ቢሆን ገንዘቡን ያየው መንገድ ዳር ያለው መንደር ነው፤ ከገደሉ በታች ያለው የፈረንጅ ኮቴ እንጂ ብሩን አላየም።

ቁጥር 19 ሩዋንዳን አመጣ። የጎሪላ መመልከቻ ፈቃድ ከ2017 ጀምሮ 1,500 ዶላር ነው። ፓርኩ ከሚያገኘው ገቢ ደግሞ 10 በመቶው በዙሪያው ላሉ ሰዎች ይሄዳል፤ ከዚያ በፊት 5 በመቶ ነበር። በዚያ ትምህርት ቤት፣ የውሃ ታንከር፣ ጤና ጣቢያ ተሠርቷል። ለኔ እስከዚህ ድረስ ካነበብኩት ይህ ይበልጣል፤ ምክንያቱም ጥቅም አለው ብሎ ብቻ አላለፈም፣ ለማን ስንት እንደሚደርስ ተናገረ። ቁጥር 20 የመተማ ሰው ነው፣ ስለ ዕጣን ጨመረ። አሮጌው ዛፍ በላይ በላዩ ይደማል፣ ጨቅላው በከብትና በእሳት ያልቃል፣ ተተኪ የለም። በ2019 የወጣ ጥናት ነገሩ በዚህ ከቀጠለ ምርቱ በ20 ዓመት ውስጥ በግማሽ እንደሚወርድ ገምቷል። ለመተማ ሰው የዛፉ መጥፋት የገበያው መጥፋት ነው።

በቁጥር 21 የግጭ ልጅ ተመለሰ። ፓርኩ ይፍረስ እንደማይል፣ ዋልያም ጠላቱ እንዳልሆነ፣ አባቱ ግን በፓርኩ ገቢ ላይ ድርሻ ያለው ሰው ተብለው እንዲጻፉ እንደሚፈልግ ገለጸ። ቁጥር 15 ይቅርታ ጠየቀው። እንዲህ ያለ ነገር በኛ መድረክ ብዙ አይታይም።

ከ22 እስከ 27 ክሩ መንገድ ሳተ። መጀመሪያ ባህር ዛፍ ውሃ ይጠጣል አይጠጣም ተባለ። ከዚያ ባህር ዛፍ ባይኖር ማገዶው ከየት ይመጣ ነበር ተባለ። ከዚያ መብራት ስለሚጠፋ የኤሌክትሪክ ምጣድ ቤት ማጣበቢያ ሆኗል ተባለ። አንዷ ደግሞ ስሜን ውስጥ ሳንቃበር ላይ የሰርግ ፎቶ ለመነሳት መኪና ስንት እንደሚያስከፍል ጠየቀች። ሦስት ሰው ተሻምቶ መለሰላት። ለአዘዞው ልጅ ማንም እንዲህ አልተሻማለትም።

ቁጥር 28 ነው ነገሩን ወደ ቧንቧ የመለሰችው። የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ናት። አንገረብን አነሳች። ጎንደር የምትጠጣበት ግድብ ከጊዜው በፊት በደለል መሞላቱን ከተማው ሁሉ ይሰማል፤ እንዴት እንደሚሞላ ግን ጥቂት ሰው ነው ያየው። በሰኔ የመጀመሪያው ዝናብ ሲመጣ ማሳው ገና ታርሶ ራቁቱን ነው። ጠብታው አፈሩን ይፈነቅለዋል። ውሃው መስረግ ሲያቅተው ይንሸራተታል፣ ቦይ ይይዛል፣ ቦዩ በዓመቱ ቦረቦር ይሆናል። ቦረቦሩ ወደ ጅረቱ፣ ጅረቱ ወደ ግድቡ። ግድቡ ውስጥ ውሃው ሲቆም አፈሩ ይዘቅጣል። ከዚያ በኋላ ግድቡ ሞልቷል ሲባል የሞላው በግማሽ ጭቃ ነው። እርከን፣ ክትር (ቦረቦር ላይ የሚገደብ ድንጋይ) እና ደሾ ሣር የሚሠሩት ሥራ ውሃውን ማስቆም ሳይሆን ማዘግየት ነው። የዘገየ ውሃ ይሰርጋል፣ የሰረገው በበጋ ምንጭ ሆኖ ይወጣል። እሷ ስትጽፍ ረጋ ብላ ነው፤ ዘንድሮ ካነበብኩት ሁሉ የገባኝ የሷ ነው።

ቁጥር 29 የስሜን ውሃ አባይን ስለሚሞላ ፓርኩም ለዚህ ይጠቅማል አለ። ቁጥር 30 አስተካከለው። የስሜን ውሃ ወደ ተከዜ ነው የሚወርደው፤ ተከዜም በሱዳን ከአትባራ ወንዝ ጋር ተገናኝቶ ናይልን ይቀላቀላል። የከተማችን አንገረብ ግን ወደ መገጭ፣ መገጭም ወደ ጣና ይገባል። ቁጥር 31 ከዚያው ቀጠለ፤ ከማሳ ታጥቦ የሚወርደው አፈርና ማዳበሪያ ጣና ሲደርስ የእምቦጭ ቀለብ ይሆናል። እምቦጭ ጣና ላይ በ2011 እ.ኤ.አ. ከታየ ወዲህ የጎርጎራና የደንቢያ ዓሣ አጥማጅ መረቡ ቅጠል ይዞለት ይወጣል። ሐይቁ በ2015 የዩኔስኮ ባዮስፌር፣ ማለትም ሰውና ተፈጥሮ አብረው የሚጠበቁበት ቦታ፣ ተብሎ መመዝገቡ አረሙን አላስደነገጠውም። ቁጥር 32 የመገጭ ግድብ ያልቅና ሁሉም ይረሳል ብሎ አጽናና። ቁጥር 28 መልሳ፣ ከላይ ያለው ተራራ ካልተሸፈነ መገጭም የአንገረብ ታናሽ ወንድም እንደሚሆን ነገረችው።

አሁን ወደሚያስቀው። ቁጥር 33 የላይኛው ጣና የውሃ ፈንድ የሚባል ነገር በ2015 እንደተቋቋመና ለገበሬዎች እርከንና የመኖ ሣር እንደሚሰጥ ጻፈ። ሰው ጮቤ ረገጠ። ቁጥር 34 እንኳን ደስ አለን አለ። ቁጥር 35 ቢሮው ባሕር ዳር ይሁን ጎንደር ጠየቀ። ቁጥር 36 ገንዘቡ የት ገባ ብሎ ኦዲት ጀመረ። ቁጥር 37 ነው ያነቃቸው፦ ይሄ የኬንያው የጣና ወንዝ ነው፣ የናይሮቢ።

ግን ስህተቱ በጀ። ናይሮቢ 95 በመቶ ያህል ውሃዋን የምታገኘው ከዚያ ወንዝ ላይኛው ተፋሰስ ነው። ደለል የከተማውን ማጣሪያና የኃይል ማመንጫውን ሲያስቸግር ከላይ ላሉ አነስተኛ ገበሬዎች መክፈል ይሻላል ተባለ። ሲቋቋም በተሠራው ስሌት 10 ሚሊዮን ዶላር ቢወጣ በ30 ዓመት ውስጥ 21.5 ሚሊዮን ጥቅም ይመለሳል። ቁጥር 38 የኢኳዶርዋን ኪቶ ጨመረ። ኪቶ እንደ ስሜን በ1978ቱ የመጀመሪያ 12 ውስጥ ያለች ደጋ ከተማ ናት። ከ2000 ጀምሮ የውሃ ፈንድ አላት፤ የውሃ ድርጅቱ ከገቢው 2 በመቶ ለዚያ ያስገባል፣ ገንዘቡም ከላይ ያለውን የተራራ ሣር ይጠብቃል። ቁጥር 39 ኒው ዮርክንም አመጣ። በ1997 ከካትስኪል ተራራ ሰዎች ጋር ተስማምታ ከ6 እስከ 8 ቢሊዮን ዶላር ይፈጅ የነበረ ማጣሪያ ከመገንባት ድናለች።

ቁጥር 40 ይህን ሁሉ አንብባ ፈነዳች። ለማይመጣ ውሃ ሒሳብ እየከፈለች ሳለ በላዩ ለተራራ ክፈይ መባሏ አናደዳት። እሷን ማን ይወቅሳታል? ቧንቧው መጀመሪያ አየር ይተፋል፣ ቆጣሪው በአየር ይዞራል። ቁጥር 41 የአዘዞው ልጅ ራሱ ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በእርጋታ ጻፈ። በጋሪ ለሚመጣ ጀሪካን በወር የሚያወጣው ከውሃ ሒሳቡ እንደሚበልጥ አስልቷል። ከሒሳቡ ላይ ጥቂት ሳንቲም ወጥቶ ደለሉን የሚያስቀር ከሆነ እንደማይጠላው፣ ገንዘቡ ተራራው ጋ መድረሱን ግን ማየት እንደሚፈልግ ጻፈ።

ቁጥር 42 ከአንገረብ በላይ ያለ ገበሬ ልጅ ነው። በየበጋው ለሳምንታት በነጻ ጉልበት እርከን ይቆፍራሉ። ተራራው ለሣር ተከልሎ ከብቱ ይታሰራል፣ አጭዶ መመገብ ደግሞ ጉልበት ይፈልጋል። ውሃው ግን ወደ ከተማ ነው የሚወርደው። የቆፈረው ሰው እናት አሁንም ምንጭ ወርዳ ነው የምትቀዳው። እርከኑ በዓመቱ በልቅ ግጦሽ ሲፈርስ ማንም አያዝንለትም፤ ለሌላ ሰው የተሠራ ነው ተብሎ ስለሚታሰብ። ሁሉም ስለ ጥቅም ሲያወራ ከርሞ፣ ጥቅሙ ቁልቁል እንደሚሄድና ድካሙ ሽቅብ እንደሚቀር በግልጽ የጻፈው እሱ ነው። የግጭም፣ የበቅሎውም፣ የእሳቱም ታሪክ ይኸው ነው።

ከዚያ ጋሼ በቁጥር 43 ተመለሱ። የመንዝ ጓሳን አነሱ። እዚያ ሕዝቡ ራሱ ባወጣው ደንብ ሣሩን ለ400 ዓመት ያህል ሲጠብቅ ኖሯል፤ ለዓመታት ይዘጋል፣ ከዚያ ይከፈትና ለጣራ ክዳንና ለገመድ ድርሻ ድርሻውን ያጭዳል። የሚያጭደው ሰው ራሱ ስለሆነ የሚጠብቀውም ራሱ ነው። የደቡብ ጎንደርን የቤተ ክርስቲያን ደኖችም ጠቀሱ። አንዳንዶቹ ዙሪያቸውን የድንጋይ ካብ ከተካበ ወዲህ ከብት አይገባም፣ ችግኝ ብቅ ብቅ ብሏል። አንድ ሰው ሃይማኖት አታስገቡ አለ፤ ሦስት ሰው ተረባረበበት፤ ኃላፊው አጠፋው።

ከ45 በኋላ ያለው ክርክር ገንዘቡን ማን ይያዝ የሚል ነው። አንዱ መሥሪያ ቤት አለ፣ ሌላው ባንክ፣ ሌላው ዕድር። ቁጥር 49 ያው የገበሬው ልጅ ነው፣ ጥሩ ሐሳብ አመጣ። እርከን ሲቆፈር ሳይሆን ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ በመስከረም፣ ቆሞ የተገኘው ተቆጥሮ ይከፈል። የሚቆጥረው ኮሚቴ ግማሹ ከላይ፣ ግማሹ ከከተማ ይሁን። ክፍያውም ጥሬ ገንዘብ ብቻ ሳይሆን መጀመሪያ ለላይኛው መንደር ራሱ የውሃ ቦኖ ይሁን።

ቁጥር 50ን የጻፍኩት እኔ ነኝ። በሦስቱም ተስማምቼ፣ ቦኖው ከሁሉም እንዲቀድም ጨመርኩ። ቁጥር 51 የውሃ መሥሪያ ቤት ሰው ነህ እንዴ ብሎ ጠየቀኝ። አይደለሁም። እኔም ሮቶዬን የምሞላው በፈረቃ ነው።